ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ ይሰለፋል
በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፦ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ስካውት እንዴት ይመረጣል?

በመስከረም አጋማሽ፣ ማክሰኞ ምሽት፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ በልጆች ጫጫታ ደምቋል። ወላጆች በልጅ ቁመት በተሠሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። በአንዱ ጠረጴዛ ካኪ ሸሚዝ የለበሰ አባት ከጥድ እንጨት የተጠረበች ትንሽ መኪና ያሳያል። በሌላው ሁለት እናቶች የአበባ ቅጠል የመሰሉ ባለቀለም ዓርማዎች የተሰፉባትን ሰማያዊ ሰደርያ ዘርግተዋል።

ካኪ ለባሹ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሁለት ጣቶቹን ከፈት አደረገ፤ ቃል አልተነፈሰም። ከዓምና የቆዩት ልጆች አንድ በአንድ ጣታቸውን አነሡ፤ አዲሶቹም እነሱን አይተው ተከተሉ። ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁለቱ ጣቶች ጆሮውን ያቆመ የተኩላ ግልገል ምልክት ናቸው።

ከሆስፒታል ፈረቃዋ ወጥታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር የመጣች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የኪንደርጋርተን ልጇን እጅ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ስንት ሰዓት ላይ ተመልሼ ልውሰዳት?” የሚል ነበር። ሰውየው ፈገግ አለ። “መሄድ የለም። በዚህ ዕድሜ አብረሻት ነው የምትቆዪው።”

እናትየዋ ያሰበችው ሌላ ነበር። ልጇን ለአንድ ሰዓት አስረክባ የሳምንቱን አስቤዛ ልትገዛ ነበር። ነገር ግን ስካውቲንግ አሜሪካ የተባለው ድርጅት የኪንደርጋርተን ልጆችን “ላየን”፣ የአንደኛ ክፍሎቹን “ታይገር” ብሎ ሲመዘግብ ከእያንዳንዱ ልጅ ጎን አንድ አዋቂ እንዲሰለፍ ይጠይቃል። አዋቂው ከልጁ ጋር ይዘምራል፣ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ ጫካ ለጫካ ይሄዳል።

የምርጫው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ወላጅ የሚመርጠው ድርጅት ይመስለዋል፤ ስም፣ ታሪክና የልብስ ቀለም ያወዳድራል። ልጁ የሚያገኘው ግን ድርጅቱን ሳይሆን በወር ሁለት ሦስቴ አብረውት የሚውሉትን አራት ወይም አምስት ጎልማሶች ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከእነዚያ ጎልማሶች አንዱ ራሱ ወላጁ ነው።

ሁለቱ ትልልቅ በሮች

የስካውት መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ባደን ፓወል በ1907 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብራውንሲ በምትባል ደሴት ጥቂት ወንዶች ልጆችን ይዞ የሰፈረበት ሳምንት ነው። ወደ አሜሪካ ያመጣው የሺካጎው አሳታሚ ዊልያም ቦይስ ሲሆን፣ የአሜሪካው ድርጅት የተመሠረተው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1910 ነው። ሲጀመር የታሰበው ለትልልቅ ወንዶች ልጆች ነበር። ታናናሾቹ ከብ ስካውት ተብለው የተደራጁት በ1930 ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች በ1982፣ የኪንደርጋርተን ልጆች ደግሞ በ2018 ተጨመሩ። በዚያው በ2018 ሴቶች ልጆችም ወደ ከብ ስካውት መግባት ጀመሩ። ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ ይባል የነበረው ድርጅት ልክ 115 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025፣ ስካውቲንግ አሜሪካ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ወንድምና እህት በአንድ “ፓክ” ሥር ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ በሥራ ለተወጠረ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፓክ ማለት የሰፈሩ ስብስብ ነው። በውስጡ “ዴን” የሚባሉ አነስተኛ ቡድኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ ስድስት ወይም ስምንት የሚሆኑ የአንድ ክፍል ልጆች ይገኛሉ። የልጁ ዓለም ዴኑ ነው። ላየኖች በዓመቱ ውስጥ ስድስት ግዴታና ሁለት የምርጫ ተግባራት ይፈጽማሉ። ግዴታዎቹ ስለ መልካም ጠባይ፣ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዜግነት፣ ራስን ከአደጋ ስለ መጠበቅ፣ ስለ ቤተሰብና እምነት ናቸው። አንዱን በጨረሱ ቁጥር ቀበቷቸው ላይ የሚሰካ ምልክት ያገኛሉ። ለአምስት ዓመት ልጅ የሚጨበጥ ሽልማት ከረጅም ምክር ይልቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው በር ገርል ስካውትስ ነው። ጁልየት ጎርደን ሎው በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ 18 ልጃገረዶችን ሰብስባ ማርች 12 ቀን 1912 የጀመረችው ነው። ይህ ድርጅት እስካሁን ለሴቶች ልጆች ብቻ ነው። የኪንደርጋርተንና የአንደኛ ክፍል ልጆች “ዴይዚ” ይባላሉ፤ ዴይዚ የመሥራቿ የቁልምጫ ስም ነበር። የገርል ስካውት ሕግ አሥር መስመር አለው፤ ዴይዚዋ ስለ እያንዳንዱ ስትማር አንድ የአበባ ቅጠል ሰደርያዋ ላይ ይሰፋላታል። ቅጠሎቹ ተሟልተው አበባው ሲወጣ ልጅቷ ሕጉን በልቧ ይዛዋለች።

በአሠራር ሁለቱ ይለያያሉ። የስካውቲንግ አሜሪካ ፓክ ባለቤት አለው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የወላጆች ኅብረት ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ፈቃዱን ወስዶ ቡድኑን በሥሩ ያቅፋል። የገርል ስካውት “ትሩፕ” ግን በድርጅቱ የአካባቢ ምክር ቤት ሥር ሆኖ በሁለት ወይም በሦስት ፈቃደኞች ይቆማል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከትሩፕ ትሩፕ ጠባዩ ይለያያል። ዴይዚዎችን ትቶ መሄድ ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ሕጉ በስብሰባ ላይ ለ12 ዴይዚዎች፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ለስድስት ዴይዚዎች ዝምድና የሌላቸው ሁለት አዋቂዎች እንዲኖሩ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ያዛል። ሌላው መለያ ውሳኔው ከልጆቹ መሆኑ ነው። የስድስት ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ባገኙት ገንዘብ ምን እንደሚያደርጉ እጅ አውጥተው ይወስናሉ። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” እየተባለ ላደገ ወላጅ ይህ መጀመሪያ ግር ይላል።

እምነትን ያስቀደሙት

በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የታወቀ ሕንፃ አለ፤ የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የዓለም ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። አዲስ አበባ ዘውዲቱ ሆስፒታልን የሚያውቅ ሰው አድቬንቲስቶችንም ያውቃል፤ ሆስፒታሉን ደርግ ከመውረሱ በፊት ያስተዳድሩት እነርሱ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለታናናሾቹ “አድቬንቸረር” የሚባል ክበብ አላት። ከኪንደርጋርተን በፊት ጀምሮ እስከ አራተኛ ክፍል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ “ፓዝፋይንደር” ይከተላል። የደንብ ልብስ፣ ሰልፍና ባጅ አለው፤ መጽሐፍ ቅዱስም የትምህርቱ እምብርት ነው። ሰንበታቸው ቅዳሜ ስለሆነ መርሐ ግብሩ በዚያው ይቃኛል።

በ1950 ከሺካጎ የተነሣው “አዋና” ደግሞ በብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል። ከኪንደርጋርተን እስከ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ቀይ ሰደርያ ለብሰው ጥቅስ በቃላቸው ያጠናሉ። በዚያ ቤት ድንኳንና እሳት ማንደድ ዋና ነገር አይደለም።

ሌሎች ሁለት ድርጅቶች ከነባሮቹ ጋር ባለመስማማት የተወለዱ ናቸው። አሜሪካን ሄሪቴጅ ገርልስ በ1995 በኦሃዮ የተቋቋመው በገርል ስካውትስ አካሄድ ቅር በተሰኙ ክርስቲያን ወላጆች ነው። ገርል ስካውትስ በ1993 ልጃገረዶች በቃል ኪዳናቸው ውስጥ “እግዚአብሔር” በሚለው ቦታ ለእምነታቸው የሚስማማ ሌላ ቃል እንዲያስገቡ ፈቅዶ ነበር። ትሬይል ላይፍ የተመሠረተው ደግሞ ቦይ ስካውትስ በ2013 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ልጆችን በአባልነት ለመቀበል ከወሰነ በኋላ ነው። በ2015 አዋቂ መሪዎችም ተፈቀዱ። ይህ ጉዳይ በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ በግልጽ ሳይነሣ በውስጥ የሚብሰለሰል ነው። ውሳኔው የየቤቱ ነው፤ ተመዝግቦ ከርሞ ከመደንገጥ ግን አስቀድሞ አውቆ መግባት ይሻላል።

ስካውቲንግ አሜሪካ ራሱ ቃለ መሐላው ላይ ለእግዚአብሔር ያለን ግዴታ ይጠቅሳል፤ የትኛውን እምነት እንደሚከተሉ ግን አያስተምርም። የእምነቱን ክፍል ልጁ በቤቱና በእምነት ቤቱ እንዲፈጽመው ይተወዋል። ለሙስሊም ከብ ስካውቶች “ቢስሚላህ” የሚባል ሽልማት አለ፤ ሌሎች እምነቶችም የየራሳቸው አላቸው።

ሳይጠየቅ የማይታለፍ

እናትየዋ በዚያ ምሽት ያልጠየቀችው፣ ግን ቤት ገብታ ስልኳ ላይ ያነበበችው ነገር አለ። ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ በፌብሩዋሪ 2020 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በልጅነታችን በስካውት መሪዎች ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ከ82,000 በላይ ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ። የካሣ ፈንዱ 2.46 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ በ2023 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2012 በኦሪገን ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፋ የሆኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ድርጅቱ ለአሥርት ዓመታት የተጠርጣሪ መሪዎችን መዝገብ በምሥጢር ይዞ መኖሩን አሳይተዋል።

ይህን አንብቦ “ልጄን አላስጠጋም” የሚል ወላጅ አይፈረድበትም። ግን ልጅን የሚያሳድድ ሰው ልጅ ባለበት ሁሉ መግቢያ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት፣ የስፖርት ቡድን፣ የእምነት ቤት፣ የዘመድ ቤትም ቢሆን። የሚለየው ነገር ደንብ መኖሩና ደንቡ በተግባር መዋሉ ነው። ዛሬ በስካውቲንግ አሜሪካ ማንኛውም ስብሰባ ላይ 21 ዓመት የሞላቸው ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መኖር አለባቸው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው መሆን አይችልም፤ ወላጅ ከሆነ ብቻ ይፈቀዳል። ሴቶች ልጆች ባሉበት ሴት መሪ ትገኛለች። መሪዎች የወንጀል መዝገባቸው ይጣራል፤ የልጆች ጥበቃ ሥልጠናም ይወስዳሉ። ለወላጅ የተዘጋ ስብሰባ የለም።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ወላጅ ማየት ያለበት ልጅ ሽንት ቤት ሲሄድ ማን እንደሚከተለው፣ አንደኛው መሪ ሲቀር ስብሰባው መሰረዙን ወይም አለመሰረዙን ነው። “ሁለተኛው መሪ ዛሬ አልመጣም፤ ግን ችግር የለም” የሚል ዴን ካለ ችግሩ እሱ ነው። ሥልጠናውን ስለ መውሰዱ ሲጠየቅ የሚቆጣ መሪም መልሱን ሰጥቷል። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰውን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል፤ በዚህ ግን ነውሩ አለመጠየቁ ነው።

ሰልፍን የሚያስታውሱ ወላጆች

በደንብ ልብስ ላይ ያለን ስሜት አንድ ዓይነት አይደለም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ስካውት ነበር። የዚያ ዘመን አያቶች ቁምጣና የአንገት ጨርቅ የለበሱትን ልጆች በናፍቆት ያነሣሉ። አብዮቱ ሲመጣ ያ ቀረ፤ ዛሬ ስካውት በኢትዮጵያ እንደገና አለ። በደርግ ዘመን ያደጉ ወላጆች ደግሞ ስለ ልጆች አደረጃጀት ሲሰሙ ትዝ የሚላቸው የቀበሌ ኪነት፣ የወጣቶች ማኅበሩ የአኢወማ ስብሰባና የአብዮት በዓል ሰልፍ ነው። አንድ የታክሲ ሹፌር አባት ለልጁ ስካውት ሲነገረው “ልጅ አሰልፎ መሐላ የሚያስገባ ሰው አላምንም” አለ።

ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የሚመዘነው ግን በቀላል መንገድ ነው። ልጁ አልፈልግም ሲል መውጣት ይችላል ወይ? እዚህ አባልነቱ የዓመት ነው፤ ካልታደሰ ያበቃል። የሚጠራህ ቀበሌ የለም፤ ካርድ የሚጠይቅህም የለም። የአምስት ዓመቱ ልጅም በመሐላው ቃል የሚገባው “የቻልኩትን አደርጋለሁ” ብሎ ነው። ያ አባት በጥር ወር ሐሳቡን እየቀየረ መጣ፤ ያስቀየረው ክርክር ሳይሆን እንጨት ነው።

የጥድ እንጨት መኪኖች ውድድር በ1953 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ዶን መርፊ የሚባል አባት የጀመረው ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የጥድ ቁራጭ፣ አራት ሚስማርና አራት የፕላስቲክ ጎማ ይሰጠዋል። ቀርጾ፣ ሞርዶና ቀብቶ ያመጣል፤ ክብደቷ ከ142 ግራም እንዳይበልጥ በሚዛን ትታያለች። ከዚያ በዘንባላ መንገድ ላይ ትለቀቃለች። ሞተር የለም፤ ክብደቷ ነው የሚነዳት። የሹፌሩ ልጅ መኪናውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቷታል። አባትየው ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ከልጁ ጋር ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ሚስማሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ከርሟል። አንዳንዶቹ መኪኖች መሐንዲስ አባት ሌሊቱን የሠራቸው መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሌሎቹ ደግሞ በልጅ እጅ የተጣመሙ ናቸው። የዚያ ፓክ መሪ ሽልማት ለፈጣኖቹ ብቻ ሳይሆን ልጁ ራሱ እንደሠራት ለምታስታውቀውም ሰጠ። አንድን ቡድን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ አዋቂዎቹ ማሸነፍ ሲያምራቸው ምን እንደሚያደርጉ ይታያል።

ቅዳሜ፣ እሑድና ገንዘብ

የእኛ ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ ድሮም ጠባብ ነው። ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ እሑድ ቅዳሴና ሰንበት ትምህርት ቤት አለ፤ በመካከል ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ። ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ሲጨመር የሚቀነስ መኖር አለበት። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ነው። ስብሰባው በሥራ ቀን ምሽት የሆነ ዴን ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ይመቻል። የመስክ ጉዞውን ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት የሚያደርግ ግን ልጁን ከሁለት አንዱን ምረጥ ይለዋል።

ምግብም አለ። ከእሳት ዳር የሚጠበሰው ለስላሳ ነጭ ጣፋጭ፣ ማርሽሜሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ጄላቲን ከአሳማ የሚመጣ ነው። በመስክ ጉዞው ላይ የሚቀርበው ቋሊማም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢነግር ከጄላቲን ነፃ የሆነ ወይም በሐላል ጄላቲን የተሠራ ማርሽሜሎ በቀላሉ ይገኛል። የነገሩትን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሪ ካገኙ ጥሩ ምልክት ነው።

ወጪው ከምዝገባ ይጀምራል። የስካውቲንግ አሜሪካ ብሔራዊ ክፍያ ብቻውን በዓመት ከ80 ዶላር በላይ ነው፤ የአካባቢው ምክር ቤትና የፓኩ መዋጮ ይጨመራል። ገርል ስካውትስ 25 ዶላር የነበረውን ዓመታዊ ክፍያ ወደ 45 ለማሳደግ በ2024 ወስኗል። ሸሚዝ፣ ቀበቶ፣ ሰደርያና ዓርማ ለብቻ ይገዛሉ። ሁለቱም ድርጅቶች ለማይችል ቤተሰብ ድጋፍ አላቸው፤ ብዙ ፓኮችም ለትልልቆቹ ያጠረውን ሸሚዝ አጥበው ለታናናሾቹ ያቆያሉ። መጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ሽያጩ ይመጣል። ከብ ስካውቶች ብዙ ጊዜ ፈንዲሻ ይሸጣሉ፤ ገርል ስካውቶች ደግሞ በ1917 በኦክላሆማ ከአንድ ትሩፕ የጀመረውን ብስኩት። ክረምቱ ሲበርድ ትንንሽ ልጆች ከገበያ አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ይታያሉ። ብዙ እናቶች “ልጄ ደጅ ቆማ ልትለምን ነው?” ብለው ይደነግጣሉ። ጠረጴዛው አጠገብ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ግን ሌላ ያያል። ዓይነ አፋሯ ልጅ “አይ፣ አመሰግናለሁ” ሲሏት አለመሸማቀቅን፣ ከ20 ዶላር ላይ መልስ መቁጠርን፣ የማያውቁትን ሰው ዓይኑን አይቶ ማናገርን ትለማመዳለች። እንግሊዝኛ ቤት ውስጥ ለማይነገርበት ልጅ ይህ የዋዛ ትምህርት አይደለም። ግዴታ ግን መሆን የለበትም። ሳጥን ሳይሸጥ ለቀረ ልጅ ፊቱን የሚያዞር ቡድን ካለ ሌላ ይፈለግ።

አምስት ልጅ ይበቃል

ከመመዝገብ በፊት አንድ ስብሰባ ሄዶ መቀመጥ ይቻላል፤ ሁለት ቡድን አይቶ ማወዳደር ደግሞ የበለጠ ነው። ስብሰባው ላይ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ልጅ ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚነሣው ማን ነው? መሪው የልጆቹን ስም በትክክል ይጠራል ወይስ የሚከብደውን ስም አሳጥሮ ያልፋል? ሰዓቱ በሥራ ያልቃል ወይስ በገለጻ? መጨረሻ ላይ ወለሉን የሚጠርገው ማን ነው፤ አንዲት የደከመች እናት ብቻዋን ወይስ ሁሉም? አምና ከነበሩት ልጆች ስንቶቹ ተመልሰዋል? በእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ የወጣ ቡድን ዓርማው የትኛውም ቢሆን ጥሩ ነው። የወደቀም መቶ ዓመት የሞላው ስም አያድነውም።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ሌላ ነገር ደግሞ ቦታ ሳይኖር የሚቀረው ልጅ ስለ በዛ አለመሆኑ ነው፤ መሪ ስለ ጠፋ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ዴይዚ መሆን የሚፈልጉ ልጆች እያሉ ትሩፕ የማይከፈተው ሁለት ፈቃደኛ እናቶች ሳይገኙ ሲቀሩ ነው። በእኛ ሰፈር መሪ በጎደለበት ቦታ ሁሉ እቁብ በሰዓቱ የሚሰበስቡ፣ እድር የሚመሩ፣ በሰንበቴ ተራ የማያዛንፉ ሰዎች አሉ። ስካውት የሚጠይቀው ችሎታ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሥልጠናውን ድርጅቱ ይሰጣል።

ደንቡም ይፈቅዳል። አዲስ ፓክ ለማቋቋም አምስት ልጆች ይበቃሉ፤ ባለቤት የሚሆነው ደግሞ የማኅበረሰብ ማኅበርም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም ሊሆን ይችላል። የገርል ስካውት ትሩፕም ከአምስት ልጃገረዶችና ዝምድና ከሌላቸው ሁለት አዋቂዎች ይነሣል። የጾሙ ቀን የታወቀበት፣ የመስክ ጉዞው ከቅዳሴ የማይጋጭበት፣ የልጁ ስም ሳይቆረጥ የሚጠራበት ቡድን የሚፈልግ ወላጅ ካለ፣ ፍለጋውን ከጎረቤቶቹ ስልክ ቁጥር ይጀምር። ከሆስፒታል ፈረቃዋ የመጣችው እናት በመጨረሻ የመረጠችው ራሷ መግባትን ነበር፤ በፈረቃዋ የማትገባባቸውን ሁለት ምሽቶች ቆጥራ፣ ከሹፌሩ አባት ጋር ተነጋግራ፣ ለላየኖቹ ዴን ረዳት መሪ ሆና ተመዘገበች።